ከሯጭ ጀርባ ያለ እንጀራ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ስፖርት ነው። የሚሮጡትንና ኳስ የሚጫወቱትን ግን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዋቸዋል። የሚያወራው ሳይሮጡ በሩጫ፣ ኳስ ሳይመቱ በኳስ ስለሚተዳደሩ ሰዎች ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ ሮም ከተማ ውስጥ የኦሊምፒክ ማራቶን ሊጀመር ነው። 11 ቁጥር ለብሶ በባዶ እግሩ የቆመው የክቡር ዘበኛ ወታደር ሊጠነቀቀው የሚገባውን ተፎካካሪ ያውቃል። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዳይለቀው፣ ቁጥሩም 26 እንደሆነ ነግረውታል። ራዲ ግን በዚያ ምሽት 26 ቁጥርን ትቶ 185 ቁጥር ለብሶ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሯጭ በሯጭ እያለፈ 26 ቁጥርን ከፊት ከፊት ሲፈልግ፣ የሚፈልገው ሰው እጎኑ ይሮጥ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሌላውን ሁሉ ጥለው ሄዱ። ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው ሮም ላይ ያቆሙት ሐውልት ጋ ሲደርስ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም ከዚያ በፊት በማራቶን ያልተመዘገበ ሰዓት አስመዝግቦ ገባ።

አበበ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በጃቶ ነው፤ ታሪኩን የሰሜን ሸዋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የቁጥሩ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። አንድ ሯጭ ለውድድር ሲቆም ከኋላው የተፎካካሪዎቹን አቅም የሚያጠና፣ መንገዱን ቀድሞ የሚያይ፣ መቼ መፍጠን እንዳለበት የሚያሰላ ሰው አለ። የዚያ ሰው ሥራ ሲሠምር ለሯጩ ይጨበጨባል፤ ሲሳሳት ደግሞ እንደ ሮሙ ቁጥር ሯጩን መንገድ ላይ ያደናግረዋል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ሯጭ አጥቶ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከምትገኘው ከጫጫ የተነሣችው ጌጤ ዋሚ በ1991 ዓ.ም. ስፔን፣ ሲቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በየትምህርት ቤቱ ውድድር ከሚሰለፉት ልጆች ግን እንደ ጌጤ የሚሆኑት በጣም ጥቂት ናቸው። ስፖርት የሚወደውና እግሩ ያልፈጠነለት ልጅ ምን ይሁን? የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት ከሯጩ ጀርባ የተሰለፉትን ሙያተኞች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሁሉ የሚቀድመው አሠልጣኝነት ነው።

በአርሲ፣ በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸውን ጠዋት ጠዋት እየሰበሰቡ ያሠለጥኑ ጀመር። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ በቆጂ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ያሳየው እኚህን መምህር ነው። ስንታየሁ ለዚህ የበቁት በሩጫ ሜዳሊያ አይደለም። የመምህርነት ሥራ ነበራቸው፤ ልጆቹን በየቀኑ ያያሉ፤ ማን እንደተሻሻለ፣ ማን እንደደከመ ያውቃሉ።

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ደግሞ በሌላ መንገድ መጡ። ሃንጋሪ ሄደው ተምረው ተመለሱና የብሔራዊ ቡድኑን ለረጅም ዓመታት አሠለጠኑ። የደራርቱ፣ የኃይሌ ገብረሥላሴና የቀነኒሳ የኦሊምፒክ ድሎች ሲነሡ የእሳቸውም ስም አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ብሎ ሸልሟቸዋል። ያረፉት በግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው።

ከአሁኖቹ አሠልጣኞች ገመዱ ደደፎ ይጠቀሳል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር አሠልጣኟ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 ቀን ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈውም የእሱው ሠልጣኝ ታምራት ቶላ ነው። ታምራት መጀመሪያ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር፤ ወደ ዋናው ቡድን የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። መሮጡ ያልተረጋገጠለትን ሰው ልክ እንደሚሮጥ አድርጎ ማዘጋጀት ከአሠልጣኝ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው።

የመንዝና የመርሐቤቴ ልጅ በዚህ ሙያ ላይ አንድ ብልጫ አለው፤ አገሩ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት መሥራት ይጀምራል፤ ይህም ለረጅም ርቀት ሯጭ ትልቅ ጥቅም ነው። በዚያው ከፍታ ላይ ግን ለፍጥነት የሚደረግ ልምምድ ቶሎ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጡንቻም የሚገባውን ያህል አይሠራም። ስለዚህ የአዲስ አበባ አሠልጣኞች ልምምዱን በቦታ ይከፋፍሉታል። ለረጅሙና ለቀስታው ሩጫ እንጦጦ ይወጣሉ፤ ለመካከለኛው ሱሉልታና ሰንዳፋ ይሄዳሉ፤ ለፈጣኑ ደግሞ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በጀማና በወንጪት መካከል ያለው የመርሐቤቴ ሰው ከደጋ ተነሥቶ ቆላ መውረድን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ይህን ዕውቀት ከሰዓት መያዣና ከመዝገብ ጋር አዋሕዶ የትኛው ልምምድ የት እንደሚደረግ የሚለይ ወጣት የአሠልጣኝነትን ፊደል ቆጠረ ማለት ነው።

ትምህርቱም ሩቅ አይደለም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ ከተማዋ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልም አላት። ከዚያ በላይ የዓለም አትሌቲክስና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በየደረጃው የሚሰጧቸው የአሠልጣኝነት ኮርሶች አሉ። አንዱን ደረጃ ያላለፈ ወደ ቀጣዩ አይሸጋገርም።

ሁለተኛው ዘርፍ የሰውነት ጉዳይ ነው።

አበበ ቢቂላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን፣ ልክ በአምስተኛው ሳምንት፣ ማራቶኑን ሮጦ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ያን ሆድ የከፈተውና የሰፋው ሐኪም፣ ቁስሉን ያጠበችው ነርስ፣ መቼ መሮጥ እንደሚችል የወሰነው ባለሙያ ሁሉ በዚያ ድል ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ዛሬ እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ወጌሻ አለው። ጨዋታ ሲቆም ሣጥኑን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ሰው በተመልካች ዓይን ቀላል ሥራ የሚሠራ ይመስላል። ሥራው ግን ፍርድ ይጠይቃል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች «ደኅና ነኝ፣ እጫወታለሁ» ቢልም እንኳ ማስወጣት ያለበት እሱ ነው። የጡንቻ መሸማቀቅን ከጡንቻ መሰንጠቅ፣ ወለምታን ከስብራት በደቂቃ ውስጥ መለየት አለበት። ፊዚዮቴራፒ የተማረ፣ ነርስ የሆነ ወይም በጤና መኮንንነት የተመረቀ ሰው በስፖርት ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ወደዚህ ሙያ መግባት ይችላል። ከስፖርት ቢወጣም የጤና ሙያው ስለሚያበላው፣ ከዘርፎቹ ሁሉ አስተማማኙ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሕክምናው አጠገብ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ቁጥጥር አለ። የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ናሙና የሚወስዱ ባለሙያዎች ያስፈልጉታል። አሠራሩ ጥንቃቄ የበዛበት ነው። ለምርመራ የተጠራ አትሌት ከተነገረው ሰዓት ጀምሮ ናሙናውን እስኪሰጥ ከአጃቢው ዓይን አይለይም። ሽንቱ ከ90 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም። አትሌቱ ራሱ ጠርሙሶቹን መርጦ፣ ናሙናውን «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ለሁለት ከፍሎ ያሽጋል። የመጀመሪያው ችግር ከታየበት ሁለተኛው ለማረጋገጫ ይከፈታል። ታዋቂ አትሌቶች ደግሞ በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የት እንደሚገኙ አስቀድመው ማስመዝገብ አለባቸው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያጓደለ፣ በሰውነቱ ምንም ባይገኝም ሕግ እንደጣሰ ይቆጠራል። ብዙ አትሌቶች ይህን ቅጽ በራሳቸው መሙላት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በየአሠልጣኙና በየማናጀሩ ቢሮ ቅጹን የሚሞላ፣ አድራሻ ሲቀየር የሚያድስ ጠንቃቃ ሰው ይቀጠራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ማንበብ፣ ኮምፒውተር መጠቀምና ቀን አለመርሳት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው የመለካትና የመዳኘት ሥራ ነው።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው ሲባል ማን ለካው ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ጥቂት ነው። የሚለካው በብስክሌት ነው። በፊተኛው ጎማ መሐል ጆንስ የሚባል ቆጣሪ ይገጠማል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይመዘግባል። ለኪው በመጀመሪያ ቢያንስ 300 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል። በዚያ ላይ አራት ጊዜ ይነዳና ቆጣሪው ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚቆጥር ያሰላል። ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን እጅግ አጭሩን መስመር፣ በመታጠፊያ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየራቀ ይነዳል። ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሶ እንደገና አራት ጊዜ ይነዳል። ምክንያቱም ጎማ በሙቀት ይነፋል፣ በብርድ ይሟሽሻል። ማለዳ ውርጭ፣ ቀትር ላይ ጠራራ ፀሐይ በሚፈራረቁበት በመንዟ መሐል ሜዳ አንድ ሰው ይህን ሥራ ቢሠራ ልዩነቱን በቁጥር ያየዋል። በመጨረሻም መንገዱ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመርበታል፤ ለማራቶን 42 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚከተል የእንግሊዟ ማንቸስተር ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የተካሄዱት የከተማዋ ማራቶኖች መንገድ 380 ሜትር ያህል አጥሮ ተገኘ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሮጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ማራቶን ጨረስን ብለው ሲደሰቱ ኖረው፣ ሰዓታቸው እንደማይያዝላቸው በኋላ ተነገራቸው።

ጫማም ይለካል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቪየና ላይ ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የከተማዋን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን ድሉ ተሰረዘ። የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ሕጉ የሚፈቅደው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከውድድሩ በፊት የጫማውን ዓይነት ከተፈቀዱት ጫማዎች ዝርዝር ጋር የሚያስተያይ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ 42 ኪሎ ሜትር የተለፋበት ድል ባልጠፋ ነበር። ሕግ አንብቦ የሚረዳ ሰው በስፖርት ውስጥ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ኳስ ሜዳ ላይ ሕጉ የሚኖረው በዳኛው ነው። ከጅማ የተነሣችው ልድያ ታፈሰ በትምህርቷ ፋርማሲስት ናት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፊፋ ዳኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2019 ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ተመርጣለች። በጥር 2013 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ታንዛኒያና ናሚቢያ ሲጫወቱ በመሐል ዳኝነት መርታ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው የወንዶች ውድድር ላይ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ባምላክ ተሰማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ጥቂት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ነበር። ዳኝነት የሚጀመረው ከታች ነው፤ በቀበሌና በወረዳ ጨዋታ። ኮርስ፣ የጽሑፍ ፈተናና የሩጫ ፈተና አለው። ብዙዎቹ ዳኞች ሌላ መደበኛ ሥራ ይዘው የሚሠሩት ስለሆነ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሰው ይመቻል።

አራተኛው የማናጀርና የአዘጋጅ ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ጭቅጭቁም በብዛት ያለው እዚህ ነው።

ሆላንዳዊው ዮስ ሄርመንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ከ944 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነበር። ጉዳት ከሩጫ ሲያስወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 የአትሌቶች ማናጀር ድርጅት አቋቋመ። ኃይሌም ቀነኒሳም ከእሱ ጋር ሠርተዋል። የጌጤ ዋሚ ባለቤት ጌታነህ ተሰማም ስሙ የሚታወቀው በአሠልጣኝነትና በማናጀርነት ነው። ማናጀር ለአትሌቱ ውድድር ያገኛል፤ ስለ ተሳትፎ ክፍያ ይደራደራል፤ ከጫማ ፋብሪካ ጋር ውል ያዋውላል፤ ቪዛ ያስጨርሳል። በምላሹ በተለምዶ ከገቢው 15 በመቶ ይወስዳል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ወኪሉ ፈተና እንዲያልፍና ፈቃድ እንዲይዝ፣ ከአትሌቱ ጋር ያለው ስምምነትም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ፈቃዱን ሳያሳይና ውል ሳይፈርም «ውጭ አወጣሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወላጆች ይህን ደንብ ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል። በዚህ ዘርፍ ውስጥ ውል የሚያነብ የሕግ ባለሙያ፣ ግብር የሚያሰላ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ አስተርጓሚ ሁሉ እንጀራ አላቸው።

የውድድር አዘጋጅነትን ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ሙያ ያሳወቀው ታላቁ ሩጫ ነው። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር፤ 10 ሺህ ሰው ተመዘገበ፤ ወንዶችን ኃይሌ፣ ሴቶችን ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ሥራውን መጀመሪያ የመራው አዲስ አበባ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ማራቶን ሯጭ ሪቻርድ ኔሩርካር ነው። ከዚያ ኢትዮጵያውያን ተረከቡት። ኤርሚያስ አየለ ለረጅም ዓመታት መርቶታል፤ በኋላም ዳግማዊት አማረ በሥራ አስኪያጅነት ተክታዋለች። የተሳታፊው ቁጥር ዛሬ ከ40 ሺህ አልፏል። ድርጅቱ የሴቶችን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫና የሐዋሳን ግማሽ ማራቶንም ያዘጋጃል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለውን ሥራ መቁጠር ይቻላል። ቲሸርቱ ታዝዞ፣ ታትሞ፣ ታድሎ ማለቅ አለበት። መንገዱ በትራፊክ ፖሊስ ይዘጋል፤ አምቡላንስ በየቦታው ይቆማል፤ ውኃ በየኪሎ ሜትሩ ይቀርባል፤ ስፖንሰር ይፈለጋል፤ ውጤት ይመዘገባል፤ መንገዱ ከሰዓት በፊት ተጠርጎ ለመኪና ይከፈታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት ገበያ፣ ሒሳብ፣ ሎጂስቲክስና ኮሙኒኬሽን የተማሩ ወጣቶች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አምስተኛው የአንደበትና የብዕር ሥራ ነው፤ ሬዲዮን የሚወድ አድማጭ ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜን ከዚምባብዌ ጋር ተጫወተች። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ፤ ኢትዮጵያ 5 ለ 4 አሸነፈች። ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ያን ድል የሚያስታውሰው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ዛሬም ጨዋታው ሲነሣ አስተላላፊው ከግብ አግቢዎቹ እኩል ይነሣል።

ፍቅሩ ኪዳኔም የጀመሩት በጋዜጠኝነት ነው። በኋላ ፓሪስ ላይ የስፖርት መጽሔት አቋቋሙ፤ ቀጥሎም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የነበሩት የሁዋን አንቶኒዮ ሳማራንች የቅርብ ረዳት ሆነው ሠሩ፤ በኮሚቴው የዓለም አቀፍ ትብብር ዳይሬክተርም ነበሩ። ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። አፍሪካ የምታስታውሳቸው ግን ከጨዋታ ወጥተው በሠሩት ሥራ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነው መርተውታል። የዘር መድሎ ታራምድ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ስፖርት ውጭ ሆና እንድትቆይ በብርቱ ከታገሉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

የብዕር ሥራ ቁጥር መመዝገብንም ይጨምራል። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ ኳስን በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት፣ የአንድ ተጫዋች እያንዳንዷ ምት በቁጥር የምትመዘገብበት። ቢል ጄምስ የተባለ ሰው ካንሳስ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ባቄላ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነበር። ሌሊቱን ከጋዜጣ የለቀማቸውን ውጤቶች እየደመረና እያካፈለ፣ የትኛው ተጫዋች በእውነት ለቡድኑ እንደሚጠቅም ያሰላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ስሌቱን በራሱ ወጪ አሳተመ፤ የገዛው ሰው ከመቶ አይበልጥም። ከ25 ዓመት በኋላ የቦስተን ቡድን በአማካሪነት ቀጠረው። የዚያኑ ቡድን ተጫዋች የመመልመል ሥልጣን የያዘው ቲዮ ኤፕስታይን የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እሱም በሙያ ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም፤ የገባው በሌላ ክለብ ውስጥ ለሥራ ልምምድ ተቀጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ለ86 ዓመት ያጣውን ዋንጫ አነሣ።

ከካንሳሱ ዘበኛ የመንዝ ተማሪ የሚወስደው ነገር በእጁ ያለ ነው። አንድ የስፖርት መምህር ወይም ሒሳብ የሚወድ ተማሪ የወረዳውን ውድድር ውጤት ከዓመት ዓመት በደብተር ቢይዝ፣ ማን በስንት ዓመቱ 1,500 ሜትርን በስንት ደቂቃ እንደሮጠ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣ፣ በዓመቱ ምን ያህል እንደተሻሻለ ቢመዘግብ፣ ክለቦችና ማሠልጠኛ ማዕከላት ልጅ ሲመለምሉ የሚጠይቁትን መረጃ ይዞ ይቆማል። የአንድ ቀን አንደኝነት ብዙ አይናገርም። የሦስት ዓመት መዝገብ ግን ገና በማደግ ላይ ያለውን ልጅ ቶሎ ካደገውና ከቆመው ይለያል።

እነዚህ ሙያዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ስፖርት መውደድ ብቻውን አያስገባም። ሐኪሙ መጀመሪያ ሐኪም፣ ለኪው መጀመሪያ ቁጥር አዋቂ፣ ልድያ ታፈሰም በትምህርቷ ፋርማሲስት ናት። ደመወዙም ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። የወጣት አሠልጣኝ ገቢ ሠልጣኞቹ ሲያሸንፉ ከፍ፣ ሲጎዱ ዝቅ ይላል። የወረዳ ዳኛ የሚያገኘው የውሎ አበል ነው። በፌዴሬሽንና በክለብ ያለው ቋሚ የሥራ መደብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ ይዞ መጀመር ያዋጣል።

መነሻውም ቅርብ ነው። በየወረዳው ስፖርትን የሚመለከት ጽሕፈት ቤት አለ። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ሰዓት ያዥ፣ መዝጋቢ፣ መስመር ጠባቂና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ሁልጊዜ ያንሳል። ተማሪዎች ከስፖርት መምህራቸው ጋር ሆነው ከወዲሁ ቢመዘገቡ ሥራውን ከቅርብ ያዩታል፤ የትኛው ዘርፍ እንደሚስማማቸውም የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው የትምህርት ክፍል ከመምረጣቸው በፊት ይለያሉ። ወላጆችም ልጃቸው «ስፖርት ሳይንስ እማራለሁ» ሲል ሩጫ ለሚችል ብቻ የተከፈተ ትምህርት እንዳይመስላቸው።

በሚቀጥለው ዝግጅት የእግር ኳስ ዳኝነትን ኮርስ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ የጨዋታ ሕጎቹን አንድ በአንድ እያነበብን፣ በጽሑፍ ፈተና ላይ ምን እንደሚጠየቅ እናያለን። ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።